ሬዲዮው የቀደመን ቀን

ይህ ገጠመኝ የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ዛሬም ሰው ጭኜ ሬዲዮ ሲከፈት እጄ ወደ ማጥፊያው ይሄዳል።

እትዬ አልማዝ ከሱዳን መጥቼ ሳን ሆዜ ስገባ ቤታቸው ያስጠጉኝ ሴት ናቸው። ሳንታ ክላራ አንድ ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ ነበር። ባለቤታቸው ጋሽ ወልዱ ታክሲ ይነዳሉ። ልጅ አልወለዱም። እትዬ አልማዝ ልጄ የሚሉት አዲስ አበባ ያለውን ታናሽ ወንድማቸውን ግርማን ነበር፤ እናታቸው ሲሞቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። "ግርማ እንዲህ ብሎ ጻፈ" ሳይሉ ምሳ አይበሉም።

አንድ ሐሙስ ጋሽ ወልዱ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጡ። ግርማ ታሞ መሞቱን በስልክ ሰምተዋል። ሽማግሎች ተሰባስበው መርዶው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እንዲነገር ተስማሙ። ዓርብ ማታ ግን ነገሩ ተለወጠ። የእትዬ አልማዝ ታላቅ እህት ከሎስ አንጀለስ የሚደርሱት ቅዳሜ ማታ ነው ተባለ፤ እህታቸው በሌሉበት መርዶ አይነገርም ተብሎ ለእሁድ ማለዳ ተዛወረ።

የቤቱ ስልክ ተበላሽቷል ተብሎ ተነቀለ። ለእኔ ደግሞ ቅዳሜን ሙሉ እሳቸውን ከቤት የማራቅ ሥራ ደረሰኝ። "ወደ ፈለገችው ቦታ ውሰዳት፤ ብቻ ሀበሻ እንዳያገኛት" አሉኝ ጋሽ ወልዱ። ሽማግሌ የማያስበው የለም ይባላል። ሬዲዮውን ግን ማናችንም አላሰብነውም።

ያን ጊዜ አንድ የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያ በአካባቢው ለሚኖሩ ማኅበረሰቦች በየሳምንቱ አንዳንድ ሰዓት ይሰጥ ነበር። ቅዳሜ የቬትናሞቹ ሲያልቅ የእኛ ይጀምራል። አዘጋጁ ሰሎሞን ሌላ ቀን ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ቅዳሜን በነፃ የሚያገለግል ጎልማሳ ነበር። መጀመሪያ ለአዲስ መጤዎች የእንግሊዝኛ ትምህርት፣ ከዚያ ስፖርት፣ ከዚያ ማስታወቂያ፣ በመጨረሻ የአድማጮች ምርጫ ዘፈን ያቀርባል። ያቺን ሰዓት ሳይሰማ የሚያሳልፍ ሀበሻ አልነበረም።

እትዬ አልማዝ መሄድ የፈለጉት ኦክላንድ ውስጥ ፍሩትቬል የሚባል ሰፈር ነበር። በርካሽ የምትሸጥ አንዲት ሜክሲኳዊት ጫማ ነጋዴ እዚያ አለቻቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ተገኝቶ፣ ለግርማ ጫማ ሊልኩለት ነው።

"የአንተና የሱ እግር አንድ ነው፤ ለካልኝ" አሉና ቡናማ የቆዳ ጫማ አቀበሉኝ።

ለካሁት።

"እስቲ ተራመድበት። አይጠብህም?"

"አይጠበኝም፣ እትዬ።"

ጎንበስ ብለው ጫፉን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። ደስ አላቸው። እኔ እንባዬ እንዳይመጣ ጣሪያውን አያለሁ። ልንገራቸው እንዴ ብዬ አስቤ ነበር። መርዶ ግን እንደ ወሬ አይነገርም። የሚናገረው ይመረጣል፤ የሚይዟቸው ሴቶች በግራና በቀኝ ይቀመጣሉ። እኔ ማን ነኝና ነው ጫማ ቤት ውስጥ ብቻዬን የምናገረው?

ጫማው ተገዝቶ ወደ ሳን ሆዜ ስንመለስ፣ ካርቶኑን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ "ዳኒ፣ ሬዲዮውን ክፈተው፤ ፕሮግራማችን ደርሷል!" አሉኝ።

የሰሎሞን ማስታወቂያ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። መርዶው ለቅዳሜ ማለዳ ታስቦ በነበረ ጊዜ፣ ሰው ለቅሶ እንዲደርስ የሐዘን ማስታወቂያው ለሰሎሞን ተሰጥቶት ነበር። ቀኑ ሲለወጥ ለሱ የነገረው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም።

"እትዬ፣ ራሴን እያመመኝ ነው። ዛሬ ባንሰማውስ?"

"ቀስ አድርጌ እሰማዋለሁ። ኦፍ እንዳታደርገው! ለግርማ ዘፈን ሪኩዌስት አድርጌያለሁ። ሰሎሞን በካሴት ቀድቶ ይሰጠኛል፤ ከጫማው ጋር እልክለታለሁ።"

ራሳቸው ከፈቱት። የተሳሳትኩ መስዬ ጣቢያውን ቀየርኩት። እጄን መታ አድርገው "እጅህን ሰብስብ!" አሉና መለሱት። ፍሩትቬል አካባቢ ድምፁ ይንጫጫ ስለነበር ይጠፋልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ወደ ሳን ሆዜ በቀረብን ቁጥር ጭራሽ እየጠራ መጣ።

መንገዱ ተዘጋግቷል። መካከለኛው መስመር ላይ ተቀርቅረናል። የዕለቱ ትምህርት ከሐኪም ቀጠሮ ስለመያዝ ነበር፤ እትዬ አልማዝ "አይ ሀቭ አን አፖይንትመንት" እያሉ ከሰሎሞን ጋር ይደግማሉ። ቀጥሎ ስፖርት መጣ። ባለፈው እሁድ የኦክላንድ ልጆች የእኛን ቡድን አሸንፈውት ነበር፤ በረኛው ደግሞ እኔ ነኝ። ሰሎሞን "በረኛችን ዳንኤል ኳሷን ቤት ለእንግዳ ብሎ አሳለፋት" ሲል እትዬ አልማዝ ከት ብለው ሳቁ።

"ሰማህ? ስምህን አጠፋው እኮ!"

እኔ የማየው የመውጫውን ምልክት ነበር። ከመንገዱ ወጥቼ ሞተሩን ላጥፋው፣ መኪናው ተበላሸ ልበል። ፍሬቻ አሳየሁ። የሚያስገባኝ ጠፋ። ጡሩንባ ብነፋም ያው ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

ሰሎሞን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"በሳን ሆዜ ከተማ ለሚኖሩት ለወይዘሮ አልማዝ..."

"ዘፈኔ መጣ! እኔ ነኝ! ዝም በል!" አሉና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረጉት። እጄን ወደ ማጥፊያው ስሰድ አፈፍ አድርገው ያዙት። እጄን እንደያዙ፣ ፊታቸው ላይ ፈገግታው እንዳለ፣ "በወንድማቸው በአቶ ግርማ ሞት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን" የሚለውን ሰሙ።

የመንገዱን ጠርዝ ይዤ እንዴት እንደቆምኩ አላስታውስም። ሬዲዮውን ያን ጊዜ አጠፋሁት፤ ምን ዋጋ አለው።

አልጮሁም። መጀመሪያ ካርቶኑን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ጫማውን ስትለካ ታውቅ ነበር?"

መልስ ሳይጠብቁ በሩን ከፍተው ወረዱ። ከዚያ በኋላ ነው እሪ ያሉት። ለቅሶ ሰው ይፈልጋል። የሚይዝ፣ ተይ የሚል፣ አብሮ የሚያለቅስ ይፈልጋል። እዚያ ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ወደ መኪናው መንገድ እንዳይሄዱ ቀሚሳቸውን ከኋላ ጨምድጄ ቆምኩ። የከባድ መኪና ድምፅ ጩኸታቸውን ይውጠዋል። ደረታቸውን ሲደቁ "እትዬ፣ እትዬ" ከማለት ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም። በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል ከንቱ ሆኜ አላውቅም።

ቤት ስንደርስ ግቢው በለቅሶ ደራሽ ሞልቶ ነበር። ሬዲዮ የሰማው ሁሉ መጥቷል። ሰሎሞንም የሆነውን ሰምቶ ከሰዓት በኋላ መጣ። ለመግባት አፍሮ ከመንገዱ ማዶ እንደቆመ ሲነገራቸው እትዬ አልማዝ አስጠሩት። "አንተ ምን ታደርግ፤ የተሰጠህን አነበብክ" አሉት። እሱም ከዚያ ወዲህ የሟች ቤተሰብ በዚያው ማለዳ ደውሎ መርዶው መነገሩን ካላረጋገጠለት የሐዘን ማስታወቂያ አላነበበም።

ለእኔ ግን ስለዚያ ቀን ምንም አላሉኝም። የግርማ አርባ ከወጣ በኋላ ወደ ጓዳ ጠሩኝና ካርቶኑን ሰጡኝ።

"ልክህ ነው። ሥራ ሂድበት።"

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ሶሉ እስኪያልቅ አደረግሁት።

ሽማግሎቹንም ሰሎሞንንም አልወቅስም። ሁሉም ለእሳቸው ደግ አስቦ ነው። እትዬ አልማዝ አሁን አርጅተዋል። ያን ጥያቄ ደግመው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልመለስኩላቸውም። ልጠይቃቸው ስሄድ በር ከፍተው ይስሙኛል፣ ይመርቁኛል። ከዚያ በፊት ግን፣ ሁልጊዜ፣ መጀመሪያ የሚያዩት እግሬን ነው።