ገብሴን ሊጠይቁ የመጡ

የልጅ ልጄ ማርታ ለፋሲካ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ስልኳን ዘረጋችልኝ። ጥቁር ላይ ነጭ ክር የተበተነበት ሥዕል ነው። «አባባ፣ ይኼ የተክል ሥር ነው። አፈሩ ሳይቆፈር፣ ሰው ሆስፒታል እንደሚነሣበት ባለ መሣሪያ የተነሣ» አለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ መሣሪያውን አላውቅም። ሥሩን ግን አወቅሁት። ያ ክረምት ፊቴ ድቅን አለ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ደባርቅ አጠገብ። ጎጆ በወጣሁ ዓመት ከገበሬ ማኅበሩ የደረሰኝ መሬት ረባዳ ነበር። ገብስ ዘራሁበት። ሐምሌ ሲጋመስ ዝናቡ አላባራ አለ፤ ውሃው ተኛበትና ገብሱ ቢጫ ሆነ። ባለቤቴ የሽ እርጉዝ ናት፤ ጎተራችን ውስጥ የቀረው ጥቂት ባቄላ ነው። አማቴ አያ ደሴ አዩና «ሥሩ በስብሷል። ገልብጠህ ምስር ዝራበት፣ ዝናቡ ሳይወጣ» አሉ። ሥሩ በሕይወት እያለ ብገለብጠው ገብሴን በገዛ እጄ ገደልኩት። ሞቶ ከሆነና ከጠበቅሁ ምስሩም አመለጠኝ። ነቅዬ ልይ ብል ሥሩ ጭቃው ውስጥ ተበጥሶ ይቀራል።

የአካባቢያችን የግብርና ሠራተኛ ጭንቀቴን ሰምቶ የመስኮት መስታወት ተሸክሞ መጣ። ውሃው እንዲወርድ ቦይ ቀደድን። ማሳው ዳር ቆፍረን፣ ሥሩ ሲወርድ እንዲያርፍበት መስታወቱን የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ አጋድመን ለጠፍነው። «አዲስ ሥር ካወጣ እዚህ ታየዋለህ። ግን በጆንያ ሸፍነው፤ ሥር ብርሃን አይወድም፣ ይሸሻል» አለኝ።

ወሬው በፍልሰታ ቅዳሴ ተሰማ። ባገራችን የታመመን አለመጠየቅ ነውር ነው፤ ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገብሴን ሊጠይቅ መጣ። «እግዜር ይማረው!» እያለ ጆንያውን ይገልጣል። አንዷ ጎረቤት «ይኼስ ከኔ ባል ይሻላል፤ እሱ ሲታመም ፊቱንም አያሳይ» ብላ አሳቀችን። ጠያቂ እንዴት ይባረራል? እኔም ስገልጥ ስከድን እውላለሁ። የሚታየው ጭቃ ብቻ ነው፤ ኋላማ መስታወቱ ብርሃን በዝቶበት አረንጓዴ ሻጋታ ለበሰ።

አያ ደሴ በሬዎቻቸውን ነድተው መጡ። «ሞቷል። በል ቀንበሩን ያዝ።»

የሽ ሆዷን ይዛ ታየኛለች። ያኔ የግብርና ሠራተኛው «ሥር ብርሃን አይወድም» ያለው ትዝ አለኝ። መስታወቱን አውጥቼ አጠብኩት፤ እልፍ ብዬ እንደገና ቀበርኩትና ጆንያውን ደርቤ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጾሙ እስኪፈታ ይታገሡኝ።»

«እኔም አላየውም ማለት ነው?»

«እርስዎም አያዩትም።»

«አማትህን ከደጅ መለስክ?»

«ከኔ ደጅ አይደለም፤ ከገብሱ ደጅ ነው።»

ተቀይመው በሬዎቻቸውን መለሱ። ሰው ሁሉ አበደ አለኝ። ልግለጠው ልግለጠው እያለ የሚበላኝን እጄን ብብቴ ውስጥ ወሽቄ ሰነበትኩ። እውነት ሞቶ ቢሆንስ? የምስሩ ጊዜ እያለፈ ነበር።

ጾሙ በተፈታ ዕለት ገለጥኩት። ከጸጉር የቀጠነ ነጭ ክር መስታወቱን ታክኮ ወርዷል፤ አጠገቡ ሌላ፣ አጠገቡ ሌላ። የሽ እልል አላለችም፤ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ገብሱ ቀጫጫም ቢሆን ደረሰ። የሽ የማርታን እናት ስትገላገል የጠጣችው አጥሚት ከዚያው ነው። አያ ደሴ አጥሚቱን ቀመሱ፤ እኔን ግን ለብዙ ጊዜ ደኅና አላናገሩኝም።

ማርታ «በየጊዜው መልሰን እናነሣዋለን፣ አባባ፤ ብርሃን አይነካውም» ትላለች። እውነቷን ይሆናል፤ የተማረች ናት። ሥዕሉን ደግሜ አየሁት፤ ልቤ ግን አላርፍ አለ።

«በይ በቃ» አልኳት፤ «ክደኚው።»