ቃጫው የማን ነበር

ሰኞ ዕለት ሰብለ ቤት ስደርስ ልጇ ለእግር ጉዞ ቦርሳዋን ታሰናዳለች። ከውኃውና ከፋሻው ጎን ቃጫ አየሁ። ሰብለ፣ "ሰቃ ጫካ ስንሄድ ቃጫ የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ" ትላታለች።

ከክፍላችን ጋር ሰቃ ጫካ የሄድነው መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ነው። ቃጫውን ቦርሳዬ ውስጥ የከተቱልኝ ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ለቃሚ ነበሩ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ገብረ ጉንዳን የሚፈልገው ዳቦሽን አይደለም፣ እግርሽን ነው። ጫካው ጋ ስትደርሺ በዚህ የሱሪሽን ጫፍ እሰሪ" አሉኝ።

አሰርኩ። የመምህራችን ልጅ ሰብለ፣ "እዩዋት፣ እንደ ገበያ ዶሮ ታስራ" ብላ ክፍሉን ሁሉ አሳቀችብኝ።

ጫካው ውስጥ ካለው ወንዝ ሳንደርስ የጉንዳኑ ሰልፍ መሀል ገባን። ሰብለ ጫማዋን ጥላ እየዘለለች ስታለቅስ ቆሜ አየኋት። እኔን አንድም አልነከሰኝም። ጉንዳኑን አራግፌላት የተረፈውን ቃጫ አወጣሁ፤ ግን አልቸኮልኩም።

"እንደ ገበያ ዶሮ ልሰርሽ?"

"እሰሪኝ" አለች።

ሰኞ ዕለት ልጅቷ ቃጫውን አንስታ፣ "እማዬ፣ እንዴት ነው የሚታሰረው?" አለቻት። ሰብለ ቃጫውን አገላበጠችና ወደ እኔ አየች። ተንበርክኬ አሰርኩላት። ሰብለ ቆማ አየች።