ክርስትና ያልተነሡት

የመጀመሪያ ቀኔን ሳስብ ትዝ የሚለኝ ቦት ጫማው ነው። ደብረ ማርቆስ ካለው የጥናት ቢሮ አንድ ታብሌት፣ ጠመኔና ከእግሬ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ የጎማ ቦት ሰጡኝ። በአዋላጅ ነርስነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ መረጃ መሰብሰብ ግን ለእኔ አዲስ ነበር። አስተባባሪያችን ዶክተር መላኩ ሲያሠለጥነን፣ «ጥያቄውን እንደተጻፈ አንብቡ፤ ከራሳችሁ አንድ ቃል እንዳትጨምሩ» አለን። እኔም አልጨመርኩም።

ሥራው እግር ይፈልጋል። ቤት ትቆጥራላችሁ፣ በሩ ላይ ቁጥር ትጽፋላችሁ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ ትቀመጣላችሁ። እናትየዋ ከሌለች ሦስት ጊዜ ትመለሳላችሁ። የቁይ ከተማ ገበያ ቀን መውጣት ከንቱ ድካም ነው። በበዓል ቀን ግን ገበሬው እርሻ ስለማይወጣ ሁሉም ቤቱ ይገኛል። የውሻውን ነገር ተዉት።

ሱፐርቫይዘር ከሆንኩ በኋላ የጨቅላ ሕፃናትን ሞት እንድናጠና ተላክን። ቦታው ከቁይ ወጣ ብሎ የሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ዙሪያ ነበር። ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ አለው፤ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪይዛቸው የሚያርፉበት ባለ ስድስት አልጋ ክፍል ነው።

ውጤታችን እዚያ አካባቢ ጨቅላ አይሞትም የሚያሰኝ ሆነ። እኔም ደስ አለኝ፤ ሞኝ! የወረዳው ጤና ኃላፊ ሪፖርቱን አይቶ፣ «ችግሩ ከሌለ ማቆያው ምን ያደርጋል? እኔ መጋዘን ቸግሮኛል» አለ። ውሳኔው ከወር በኋላ ለሚደረገው ስብሰባ ተቀጠረ።

ከስብሰባው በፊት እንደ ደንቡ የተወሰኑ ቤቶችን በድጋሚ ለመፈተሽ ወጣሁ። አንዷ ስንዱ ነበረች፤ ስሟን ለውጬዋለሁ። ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱም እንዳሉ ነበር የነገረችን፤ አሁንም ያንኑ ደገመችልኝ። ተሰናብቼ በጓሮ በኩል ሳቋርጥ አማቷ፣ «ልጄ፣ እዚያ ላይ አትርገጪ!» ብለው ጮኹ። ከጌሾው ሥር አንድ ድንጋይ ቆሟል።

«ምንድን ነው?» አልኳት ስንዱን።

አንገቷን ደፋች። «የበኩሬ ነው። በተወለደ በሳምንቱ ሞተብኝ።»

«ታዲያ የሞተ ልጅ አለሽ ወይ ስልሽ የለም አላልሽኝም?»

«ክርስትና ሳይነሣ እኮ ነው፣ ሲስተር። እሱንማ ማን ይቆጥረዋል? ድንኳን አልተጣለለት፣ ለቀስተኛ አልመጣለት። እኔ ብቻ ነኝ የማስበው። ሁለቱንማ ማቆያው ገብቼ ነው የወለድኳቸው፤ ይኸው አሉልኝ።»

ክው አልኩ። እኔም የዚሁ አገር፣ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነኝ። ወንዱ አርባ፣ ሴቷ ሰማንያ ቀን ሳይሞላቸው ከሞቱ በጓሮ እንደሚቀበሩ፣ ከዚያ በኋላም ስለነሱ እንደማይወራ ከማንም በላይ አውቃለሁ። እያወቅኩ የተጻፈውን ብቻ አነበብኩ። ማርቆስ እስክገባ ድረስ ራሴን ስረግም ነበር።

የሆነውን ስነግረው ዶክተር መላኩ ፊቱ ተለዋወጠ። «ሪፖርቱ እኮ ታትሟል፣ ሲስተር። እንደገና እንዙር ነው የሚሉት? በዚህ ክረምት?»

«አዎ፣ እንደገና። አይሆንም ካሉ ስሜን ከላዩ ላይ ይፋቁልኝ።»

የጠረጴዛውን ካላንደር ወደ ራሱ ሳበ። «ስንት ቀን ይፈልጋሉ?» አለኝ።

ጥያቄውን ከፋፈልነው። «የሞተ ልጅ አለሽ ወይ?» ማለት ቀረ። እናትየዋ ከመጀመሪያው እርግዝና ጀምራ አንድ በአንድ ታወራናለች፤ ሲወለድ አልቅሶ ነበር? ክርስትና ተነሣ? ከዚያስ? በጭቃው ቤት ለቤት ዞርን። «ደግሞ መጣችሁ?» ብለው የተቆጡን ነበሩ። አንዳንዷ ደግሞ ጥያቄው ሳያልቅ ታለቅስ ነበር፤ ታብሌቱን አስቀምጬ አብሬያት ቁጭ እላለሁ። ሰው ይሰማኛል ብላ በሹክሹክታ የነገረችኝም አለች።

ስብሰባው ላይ ኃላፊው አዲሱን ሪፖርት አገላብጦ ሳቀ። «አንዴ የለም አላችሁ፣ አሁን ሞልቷል ትላላችሁ። ቀልድ ነው እንዴ?»

ተነሣሁ። «ስህተቱ የእኔ ነው። እናቶቹ አልዋሹም፤ እኛ ነን መጠየቅ ያልቻልነው። እስቲ እዚህ ካለነው መሃል በእናቱ ጓሮ ክርስትና ላልተነሣ ልጅ የቆመ ድንጋይ የሌለው ማነው?»

ኃላፊው ሪፖርቱን ዘጋ።

«እናቴ ሁለት አላት» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ማቆያው ባለበት እንዲቀጥል ተወሰነ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መዝገብም ክርስትና ሳይነሡ ለሞቱት አንድ ረድፍ ተጨመረለት። ኃላፊው መጋዘኑን ሌላ ቦታ ፈለገ፤ እኔን ግን ለረጅም ጊዜ ኮስተር ብሎ ነበር ሰላም የሚለኝ።

በሌላ ዓመት ለክትትል ሄጄ ስንዱን ማቆያው ውስጥ አገኘኋት፤ ቀኗ ገፍቷል። አዋላጇ ካርድ እየሞላች፣ «ስንት ወልደሻል?» ስትል ጠየቀቻት።

«ሦስት» አለች ስንዱ፣ ቀና ብላ። «ሁለቱ አሉ።»

መጠይቅ የምታዘጋጁ ልጆች፣ እናት ስትመልስ የማትቆጥረው ልጅ እንዳለ አስቀድማችሁ አጣሩ።