እህቴ የዘፈነችው የእንጀራ እናት ዘፈን

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ መካነ ሰላም በምንማርበት ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህራችን ለድራማ ክበቡ ሙዚቃዊ ተውኔት ደረሱ። ንግግሩ ጥቂት፣ ዘፈኑ ብዙ ነው። የመጀመሪያ ሚስቱን ፈትቶ ሌላ ስላገባ ሰውና ከሁለቱም ስለወለዳቸው የማይዋደዱ ልጆች ይተርካል።

መምህሩ ለአገሩ አዲስ ስለነበሩ የእኛን ቤት ጉድ አያውቁም። የክበቡ ልጆች ግን አሳምረው ያውቁታል። አባቴ እናቴን ከማግባቱ በፊት ሌላ ሚስት ነበረችው። ከሷ የወለዳት ልጅ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እዚያው ትምህርት ቤት ትማራለች፤ ክበቡም ውስጥ አለች። እሷ እንደ እናቷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በእኛ አገር ይህ ሰው አያጣላም። ያጣላን ቤቱ ነው። እናቷ «ቤቴን ቀማችኝ» ትላለች፤ እናቴ «ባዶ ቤት ነው የገባሁት» ትላለች። እኛ ልጆቹ ደግሞ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንገጣጠም እንዳንተያይ አንዳችን ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታስራለች።

መምህሩ ለእኔ የትንሿን ልጅ፣ ለሷ የእንጀራ እናቲቱን ቦታ ሰጡ። የክበቡ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ።

ልምምዱ በመክፈቻው ዘፈን ተጀመረ። ቤተሰቡ ገበታ ከቦ እየተነታረከ የሚዘፍነው ነው፦

አንዱ ጨው በዛ ሲል፣ አንዱ ጨው አነሰ፣
እንዲህ ሲባባሉ ወጡ ተጨረሰ።

ይህን ዘፈን ዛሬም ሽንኩርት ስከትፍ አንጎራጉረዋለሁ። ያኔ ግን ደስታው ብዙ አልቆየልኝም። የእንጀራ እናቲቱ ተራ ሲደርስ ልጅቱ ነጠላዋን በግራ ትከሻዋ ላይ ሁለት ጊዜ አጠፈችው፤ ከመናገሯ በፊትም ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች። እናቴ ቁጭ! ለካ በየገበያው ቀን አንገቷን ደፍታ በአጠገባችን ስታልፍ እናቴን ስታጠናት ኖራለች።

ልምምዱ እንዳለቀ ተከትያት ወጣሁ።

«እናቴን መሳቂያ ልታደርጊያት ነው?» አልኳት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገርኳት በዚህ ነው።

ቆም ብላ አየችኝ። «ወላሂ አይደለም» አለች። «ሌላ እንጀራ እናት ከየት ላምጣ? የማውቀው እሷን ብቻ ነው።»

ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም። ተውኔቱ በሚታይበት ቀን እንዳትመጣ ብዙ ሰበብ ፈጠርኩ፤ እሷ ግን አዲስ ቀሚሷን ለብሳ መጥታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። አባቴ «ሥራ አለብኝ» ብሎ ቀረ።

አዳራሹ ቆርቆሮ ነው። የኦርጋናችን ሦስት ቁልፎች አይሠሩም። በመክፈቻው ዘፈን ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ እህቴ ወጣች፣ ነጠላዋን አጠፈች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። እኔ መድረኩ ላይ ከእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጬ እናቴን አያለሁ። እጇ ወደ ራሷ ነጠላ ሄደ። አወቀች ማለት ነው።

በሌላ ሴት ምርጊት፣ በሌላ ሴት ጣራ፣
ስንት ክረምት ኖርኩኝ እንግዳ ስጠራ።

የተበደለች ልጅ የበደለቻትን ሴት ልታስቅባት ትችል ነበር። እህቴ ግን እያዘነችላት ዘፈነችው። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና እስከ መጨረሻው ሳትነቃነቅ ቆየች። ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ፣ «ያቺ ልጅ እሑድ ትምጣ በያት» አለችኝ። ማን እንደሆነች አልጠየቀችም።

እሑድ መጣች። ከደጅ ሆና «አሰላሙ አለይኩም» ስትል እናቴ «ወአለይኩም ሰላም፣ ግቢ ልጄ» አለች።

«እትዬ፣ አስቀይሜዎት ከሆነ አፉ ይበሉኝ» አለች እህቴ ገና ሳትቀመጥ።

«አላስቀየምሽኝም። ይልቅ ብዪ። ሽሮ ነው፤ ሥጋ አልነካውም፣ ድስቱም አዲስ ነው።»

አባቴ ከውጭ ሲገባ ሁለታችንን አንድ ገበታ ላይ አየን። በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ እጁን ታጥቦ በመሃላችን ተቀመጠ። ጆሮዎቹ ቀልተው ነበር።

በአንድ ቀን እህትማማች አልሆንንም። የሷ እናት ለዓመታት አኮረፈችን፤ እናቴንም ይቅር ሳትላት ኖረች። እኛ ግን ጫማ ማሰሩን ተውነው።

አሁን እሷ ኩታበር አግብታ ትኖራለች፣ እኔ አቀስታ አስተምራለሁ። መምህራችን ሲዛወሩ ተውኔቱ የተጻፈበትን ብቸኛ ደብተር ይዘውት ስለሄዱ፣ ዘፈኖቹን በስልክ እያስታወስን መጻፍ ጀምረናል። በመጨረሻው ዘፈን ላይ ግን አልተስማማንም። አባትዬው ታሞ የሁለቱ ሚስቶች ልጆች በቃሬዛ ተሸክመውት ሲሄዱ የሚዘፍኑት ነው፦

የማን እናት ልጅ ነህ ቃሬዛ መች ይላል፣
ካገኘው ትከሻ ዝም ብሎ ይውላል።

እሷ «ተማምኖ ይውላል ነው» ትላለች። እኔ «ዝም ብሎ» እላለሁ። ባለፈው ሳምንት በዚህ ስንከራከር ሒሳቧ አልቆ ስልኩ ተቋረጠ። እኔ ስደውልላት ደግሞ ሳታስጀምረኝ፣ «ተማምኖ ነው አልኩሽ!» አለችኝ።