የዓርቡ ቅጂ

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ ሁሉም «ቅጂ» ነው የሚላት። ያወጣላት የኋላው በር ዘበኛ ነው፤ ሽበታም፣ ቀልደኛ፣ አንድ ጉልበቱ አልታጠፍ ያለ ሰው። የኔትወርክ ባለሙያ ናት። ኮምፒዩተርና ስልክ የሚያገናኙት ስዊቹም፣ ራውተሩም፣ የበሮቹ ካርድ መቆጣጠሪያም እያንዳንዳቸው ኮንፊገሬሽን የሚባል ዝርዝር አላቸው፤ ምን እንደሚሠሩና ማንን እንደሚያሳልፉ የሚያውቁት ከእሱ ነው። ዕቃው ከተቃጠለ ዝርዝሩም አብሮ ይሄዳል። እሷ ታዲያ ዓርብ ዓርብ ጠዋት የሁሉንም ትቀዳለች፤ አንዱን ኮምፒዩተር ላይ፣ አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን በወረቀት አትማ ብረት ቁም ሣጥን ውስጥ።

«እመት ቅጂ፣ እኔንም ቀድተሽ አስቀምጪኝ እንጂ። ብሞት ምትክ ታገኛላችሁ» ይላታል ዘበኛው።

«ጋሼ፣ እርስዎን የሚችል ፍላሽ ገና አልተሠራም» ትለዋለች።

ይህን አመል ከየት አመጣችው ያልን እንደሆነ፣ ከጥፊ ነው። ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ወር አንድ ስዊች ላይ ያደረገችውን ለውጥ ሳታስቀምጥ ቀረች። መብራት ሄዶ ሲመጣ ለውጡ የለም፤ የማዋለጃ ክፍሉ ስልክ ግማሽ ቀን ጸጥ አለ። የያኔው አለቃዋ ሰው ፊት በጥፊ አጮላት። ያን ቀን ሁለት ነገር ተማረች። አንደኛው የሠሩትን ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ተመትቶ ዝም ማለት ነው፤ ይሄኛውን ምነው ሳትማረው በቀረች።

መዝገብም ከፈተች፤ ሁለት ዓምድ ያለው፣ «ምን ተቀየረ» እና «ለምን ተቀየረ» የሚል። ሁለቱ ሳይሞሉ ለውጥ የለም፤ ሁለቱ ከተሞሉ ደግሞ ዓርብ ሳይጠበቅ እዚያው ይቀዳል። ለአዲስ ገቢዎች «ለምን የሌለው ለውጥ ስርቆት ነው» እያለች ታስፈራራቸው ነበር።

ባሏ የዚያው ሆስፒታል ኤሌክትሪሺያን ነው። መሰላል ላይ ቆሞ ገመድ ሲጎትት ነው የተዋወቁት፤ ሳቂታ ነበር፣ እውነት ለመናገር ያምርም ነበር። ከተጋቡ በኋላ መጀመሪያ ሰሃን ሰበረ፣ ቀጥሎ በር፣ ከዚያ የእሷን ጣት። ቢሮ «ከደረጃ ወድቄ ነው» አለች። የሚኖሩት ምድር ቤት ነው፤ ደረጃ የሚባል ነገር ቤቱ የለውም። ሰዉም ያውቃል፣ ግን በባልና ሚስት መሃል ማን ይገባል።

ሰኞ እራት ላይ ከሥራ ስልክ ተደወለላትና አነሳች። ጥፋቷ ይኸው ነው። ፀጉሯን ጨብጦ ፊቷን ከዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ጋር አላተመው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስተኛው ላይ የፊት ጥርሷ ወልቆ ውሃው ውስጥ ወደቀ። «አንሺው» አላት። አነሳችው። ያን ጊዜ ከህመሙ ይልቅ ማንሳቷ አንገበገባት።

ማክሰኞ አፏ አብጦ ሥራ ገባች፤ ልብሷን እናቷ ቤት አስቀምጣ ነው የመጣችው። የበሮቹን መቆጣጠሪያ ከፍታ የባሏን ካርድ ከዝርዝሩ አወጣችው። አንድ መስመር ናት። ቀጥላ መዝገቡን ስባ «አንድ ካርድ ወጣ» ብላ ጻፈች። «ለምን» የሚለው ጋ ስትደርስ ብዕሩ ቆመ። መዝገቡን አለቃዋ ያየዋል፤ ገመናዋን በገዛ እጇ ጽፋ ልትሰጠው ነው? አፈረች። ገጹን ቀደደችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ያልተመዘገበ ደግሞ አይቀዳም፤ «ዓርብ ሲደርስ ከሌላው ጋር እቀዳዋለሁ» ብላ ተወችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምታለች፤ እንዲያውም ለሰው የምትተርተው እሷ ነበረች።

ረቡዕ እናቷ አጠገቧ ቁጭ አለች። «ልጄ፣ የማይጋጭ የለም። ተመለሺ፣ እንደ ነበራችሁ ኑሩ።»

«እማዬ፣ አፌን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ። አባትሽም ይመታኝ ነበር፤ ይኸው አልሞትኩም።»

ቅጂ ተነሳች። መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ አለቀሰች፤ የሐዘን ሳይሆን የንዴት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ባልየው መጣ። ስዊቾቹ በተደረደሩበት፣ እሷ በምትሠራበት የማሽን ክፍል በር ላይ ካርዱን አስጠጋ፤ ቀይ መብራት። ደገመው፤ ቀይ። ሦስተኛው ላይም ቀይ ሲሆን ከመሣሪያ ቦርሳው መዶሻ አወጣና እዚያው ግድግዳው ላይ ያለውን የበሮቹን ሁሉ መቆጣጠሪያ ቀጠቀጠው። ዘበኛው በዚያ ግትር እግሩ እያነከሰ ደረሰና እጁን ሊይዘው ሞከረ፤ መዶሻው የትከሻውን አጥንት አገኘው። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራትቶ ተቀመጠ። ባልየው በኋላው ኮሪደር ጠፋ።

መቆጣጠሪያው ሲሞት የቀዶ ጥገናው ክፍል በሮች እንደተቆለፉ ቀሩ። በዚህ በኩል ደም የሚፈሳት ሴት አልጋ ላይ ተኝታለች፤ በዚያ በኩል ሐኪሙ መስታወቱን በእርግጫ ይመታል። ቅጂ ከቢሮዋ መደርደሪያ ትርፉን መቆጣጠሪያ አወጣች፣ ገመዶቹን ሰካች፣ የመጨረሻውን ቅጂ ጫነችበት። የዓርቡን። በአሥራ አንድ ደቂቃ አረንጓዴው በራ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሴትየዋ ገባች። አንዱ አጨበጨበ። በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት። ሌላው ዕቃ ደህና መሆኑን ልታይ ማሽን ክፍሏ ገባችና በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

ከአፍታ በኋላ በሩ ካርድ አንብቦ ጢጥ አለ።

ያኔ ነው የገባት። ዓርብ ዕለት ባሏ ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ማክሰኞ ያወጣችውን ሰው ሐሙስ በገዛ እጇ መልሳዋለች።

ባሏ መዶሻውን እንደያዘ ገባ። ቀኝ ክንዷን በመዶሻው ሲመታት አጥንቱ ሲሰበር ሁለቱም ሰሙት። በሁለት ቁም ሣጥኖች መሃል ወደቀች። ከመሬት የኔትወርክ ገመድ አንስቶ አንገቷ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመና በጉልበቱ ጀርባዋን ተጭኖ ሳበ። ዓይኗ ሲጨልም የስዊቾቹ መብራት ብቻ ይታያት ነበር። ግራ እጇ የታችኛውን መደርደሪያ ዳበሰ። ተቃጥሎ የተቀመጠ አሮጌ ስዊች አለ፤ ከነብረቱ ስድስት ኪሎ ይሆናል። ያዘችው። ዞር ብላ ሳታይ ወደ ኋላ ሰነዘረችው፤ ግንባሩ ላይ አረፈ። ገመዱ ላላ። ዞረችና ደገመችው፣ ሠለሰችው። እሰይ ነው የምለው እኔ፤ ያዘነለት ካለ ይዘንለት።

ዘበኛው በካርዱ ከፍቶ ገባ፤ አንድ እጁ ተንጠልጥሏል። ሰውየው ሊነሳ ሲፍጨረጨር አይቶ ያን ሁሉ ክብደቱን ደረቱ ላይ ጥሎ ተቀመጠ። «ፖሊስ እስኪመጣ አልነሳም» አለ። «ብነሳም መልሼ መቀመጥ አልችል።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ባልየው በፖሊስ ከተወሰደ በኋላ አለቆች አንድ ባንድ መጡ። ለመሆኑ ባልየው መዶሻውን ያነሳው በንዴት ነው ወይስ የዓርቡን ቅጂ እንደምትጭን አስልቶ? ዓርብ ዓርብ እንደምትቀዳ ያውቃል፤ ይቀልድባትም ነበር። ቅጂ ይህን እስከ ዛሬ አላወቀችም።

አልጋ ሲያመጡላት አልተኛችም። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ በግራ እጇ ያቺኑ የባሏን መስመር አጠፋች፣ አስቀመጠች፣ ሦስቱም ቦታ ላይ ቀዳች። ከዚያ መዝገቡን ከፈተች። እናቷ የደረሰችው ያኔ ነው፤ ሁለት ዓይነት ጫማ አድርጋ።

«ክንድሽ እንዲህ ተሰብሮ ምንድነው የምትጽፊው?»

«የማክሰኞውን ነው። ለዓርብ አሳድሬው ነው እዚህ የደረስኩት።»

እናትየው በልጇ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብላ አነበበች። ፊደሉ የሕፃን ጽሑፍ ይመስላል። ምን ተቀየረ፦ የባሌ ካርድ ወጣ። ለምን ተቀየረ፦ ይደበድበኛል። ዛሬ ሊገድለኝ ነበር።

እናትየው ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

«ዛሬ ጠዋት እኔ ጋ መጥቶ ነበር» አለች። «አለቀሰብኝ። ማታ ስትገቢ ቤት ጠብቆ ይቅርታ እንዲልሽ ብዬ… የቤቴን ትርፍ ቁልፍ ሰጠሁት።»

ቅጂ ብዕሩን አስቀመጠች። እናቷን አየቻት።

እናትየው ዓይኗን ጠርጋ ወደ ዘበኛው ዞረች፤ ትከሻውን እያሰሩለት ነበር። «ወንድሜ፣ የበር ቁልፍ የሚቀይር ሰው ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ነገ በጠዋት እልክልሻለሁ።»

«ነገ ዓርብ ነው» አለች እናትየው። «አሁን ይጥሩልኝ።»