አንድ የሚተርፈው ቁጥር

የሒሳብ መምህራችን ወልደ ሰንበት ባለፈው እሑድ ጎንደር ውስጥ ማረፋቸውን ለምታውቋቸው ሁሉ የማረዳው እንባዬ ሳይደርቅ ነው። የተቀበሩት በትውልድ አገራቸው በመካነ ብርሃን ነው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በተከፈተው ትምህርት ቤታችን የተማረ ሁሉ፣ ጠመኔ የነካውን ጋቢያቸውን አይረሳም። ከቤተ ክህነት ትምህርት የመጡ ስለነበሩ ማባዛትን እንደ ዜማ ያስጠኑን ነበር። የተሳሳተውን አይገርፉም፤ «ቁጥሩ ይቅር ይበልህ» ብለው ያልፉታል።

በክፍላችን ስድሳ ወንዶች ነበሩ፤ ሴት እኔ ብቻ። ለሥራ ሁለት ሁለት ሲያደርጉን አንድ ሰው ይተርፋል። ሦስት ሦስት፣ አራት አራት፣ አምስት አምስት፣ ስድስት ስድስትም ቢያደርጉን ያው አንድ ይተርፋል። ማን እንደሚተርፍ መገመት አያቅትም፤ ወንዶቹ ከሴት ጋር መቀመጥን እንደ ነውር ያዩት ነበርና። «ትራፊ» አሉኝ። ወሬው መንደራችን ጠዳ ድረስ ሄዶ ከአባቴ ጆሮ ገባ።

አባቴ ሊወስደኝ መጣ። «ልጄ መሣቂያ ከምትሆን ቤቷ ትግባ» አለ።

መምህር አልተቆጡም። ሰሌዳው ላይ 2520 ብለው ጻፉ። «አያ ደሳለኝ፣ ይህን ቁጥር ከአንድ እስከ ዐሥር በፈለጉት ያካፍሉት፤ ምንም አይተርፍም። ከእርሱ ያነሰ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። ሸጋ ነው፤ ግን ሁሉም ተካፍሎ ይጨርሰዋል።» ከዚያ ዜሮውን አጥፍተው በቦታው አንድ ጻፉ። «አሁን በሁለትም ሆነ በዐሥር ቢያካፍሉት አንድ ይተርፋል። ከዐሥርም በላይ ቢሄዱ፣ ከራሱ በቀር እኩል የሚከፍለው አያገኙም። አንዲቷ ስትጨመር ጸና።»

አባቴ ገበሬ ነውና በቁጥር የሚረታ አልነበረም። «ምነው መምህር! የተረፈ እኮ ለከብት ነው የሚጣለው» አለ።

«ምነው አያ ደሳለኝ! ከጎተራዎ የተረፈውን ለከብት ይጥሉታል? ለዘር አይደለም እንዴ የሚያስቀሩት?»

አባቴ ሰሌዳውን አተኩሮ አየ። ጋቢውን አጣፋና «እንግዲያማ ዘሩን ላንቱ አደራ ሰጥቻለሁ» አለ። ብቻውን ወደ ጠዳ ተመለሰ። እኔ በደስታ አለቀስሁ።

በማግሥቱ ሁለት ሁለት ሆነን እንድንሠራ አዘዙን። እንደ ልማዴ ተረፍሁ። መምህር የራሳቸውን ወንበር ተሸክመው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። «እኔ ስጨመር ማን ይተርፋል?» ብለው ክፍሉን ጠየቁ። ያን ቀን የሳቀ አልነበረም፤ «ትራፊ» የሚለውም ስም ከዚያ ወዲያ ቀረልኝ።

መምህሬ ሆይ፣ ይኸው እኔም ዛሬ መምህርት ነኝ። እርስዎ ሲሄዱ ያቺ አንዲቷ እኔ እንደገና ተርፌያለሁ፤ አልዋሽዎትም፣ ከፍቶኛል። ቢሆንም ነገ ክፍል ስገባ፣ ብቻዋን የቀረች ልጅ ካየሁ ወንበሬን ተሸክሜ አጠገቧ እቀመጣለሁ። በሰላም ይረፉ። አባቴ የሰጠዎት ዘር በቅሏል።