የይልማ አበልጆች

አንኮበር ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የታዘዝኩት መርፌ መቀቀል ነው። ከደብረ ብርሃን በጭነት መኪና ላይ ተጭኜ ስለመጣሁ ጣቴ ከብርዱ የተነሳ አልታጠፍ ብሎኛል። ያዘዘኝ ይልማ ነው። እሱም እንደኔው ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ነው፤ ቀድሞኝ መቀጠሩ ብቻ ነው።

"አንተ መርፌ ቀቅል፣ ቁስል እጠብ፤ በሽተኛውን ለኔ ተወው" አለኝ።

ከሁለታችን ሌላ ሐኪም አልነበረም። አገሬው ግን ይልማን "ሐኪሙ"፣ እኔን "የሐኪሙ ጓደኛ" ይለን ነበር።

አንኮበር ሐኪም አይበረክትለትም። ብርዱንና የበሽተኛውን ብዛት ያየ ሁሉ ዓመት ሳይሞላው ዝውውር ይጠይቃል። አገሬው ታዲያ መላ ዘየደ፤ ልጅ ሲወለድ ሐኪሙን ክርስትና እንዲያነሳ መለመን። አበልጁን ጥሎ የሚሄድ ሰው የለም ብለው ነው። ይልማ ደግሞ እንቢ ማለት አይችልበትም። የጎረቤቱንም፣ የቄሱንም፣ የጭቃ ሹሙንም ልጅ አነሳ።

እኔን ግን የጠየቀኝ የለም። እሱ በየድግሱ ከላይ ተቀምጦ ብርንዶ ይቆረጥለታል፤ እኔ ክሊኒክ ቀርቼ ጉሮሮ አያለሁ። እግሩን ሊቆረጥ የነበረ ሰውዬ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ቁስሉን እያጠብኩ ያዳንኩት እኔ ነኝ። ሚስቱ ስትወልድ ልጁን ለይልማ ሰጠ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ቅናት አንጀት ይቆርጣል የሚሉት እውነት ነው።

ወደኔ ወረፋ የሚመጡት የአልዩ አምባ እስላሞች ነበሩ። ሐጂ ሙሄ የሚባሉ የጨው ነጋዴ አንድ ቀን፣ "እኛ ክርስትና አናስነሳም፤ አላህ አንተን ተወልን" አሉኝ። እሳቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

አበልጅ ወረፋ አይጠብቅም። በጓሮ በር ይገባል። እሑድ ይልማ ከቅዳሴ ሲወጣ እዚያው ደጀ ሰላም ይዞት ምላሱን ያሳየዋል። ያማጠች ሴት ካለች በቅሎ ጭኖ ይመጣል፤ አልሄድም ማለት ነውር ነው። ይልማ ከሳ። እኔ ግን ለእሱ የሚመጣው ማር ነበር የሚታየኝ።

አለቃችን አቶ ሰይፉ የጤና መኮንን ናቸው፤ ከደብረ ብርሃን እየመጡ ይቆጣጠሩናል። አንድ ጊዜ ሲመጡ ይልማ እኔ ባለሁበት ዝውውር ጠየቃቸው። አገሩ እንዲህ እየወደደህ ምን ጎደለህ ቢሉት፣

"ጌታዬ፣ የገደለኝ መውደዱ ነው። በሽተኛ ብቻ ቢሆኑ እችላቸው ነበር" አለ።

ዝውውሩ ሲመጣ ደግሞ አዲስ አበባ! በዚህም ቀናሁ። አበልጆቹ እያለቀሱ እስከ መኪናው ሸኙት። እኔ ያን ሁሉ ወረፋ ብቻዬን ተቀበልኩ።

ብዙም ሳይቆይ መሪጌታ ጥላሁን ቤቴ መጡ። ወንድ ልጅ ተወልዶላቸው አርባው ደርሷል፤ ክርስትና እንዳነሳላቸው ለመኑኝ። ስንት ዘመን የተመኘሁት ነገር መጥቶ ደጄ ቆመ። ይልማ እንዴት እንደከሳ ትዝ አለኝ።

"ልጁ ሲታመም ያምጡት፣ ወረፋ ይዘው። ክርስትና ግን አላነሳም" አልኳቸው።

"ምነው ልጄ፣ ክርስቲያን አይደለህም እንዴ?"

"ክርስቲያንስ ነኝ። ከዚህ አገር መሄድ ስለማልፈልግ ነው።"

ሳይመርቁኝ ወጡ። ወሬው ከተማውን አዳረሰ፤ ዳግመኛ የጠየቀኝ የለም።

እስከ ጡረታ እዚያው ሠራሁ፤ የመሪጌታንም ልጅ ኩፍኝ ሲይዘው አስታመምኩት። እስከ ዛሬ አገሬው በይልማ ስም ይምላል፤ እኔን "ያ ኮስታራ" ይለኛል። ጥሏቸው የሄደውን ይወዳሉ፣ አብሯቸው የኖረውን ይችሉታል። ይሄ ነገር አሁንም ያንገበግበኛል።

እናንተ አሁን ወደ ገጠር የምትመደቡ ወጣት ሐኪሞች፣ ወረፋ አስከብሩ፣ እሑድን ለራሳችሁ ያዙ። እንቢ ማለት የማይችል ሐኪም አይቆይም።